የባጊው ሞተርና ኢንጀክሽን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት አጋማሽ

የባጊው፣ ማለትም ለአሸዋና ለበረሃ የሚሠራው ቀላል ክፍት መኪና፣ ሻንሲ (የብረት አጽሙ) ተበይዶ አልቋል። ሁለት ወንበር፣ ሞተር ከኋላ፣ ከላይ ሲገለበጥ ጭንቅላት የሚያድን ቱቦ። የፊት እግሩና ካምቢዮው ከአሮጌ ቮልስ የወጡ ናቸው። ካምቢዮው ተፈትቶ ታይቷል፤ ኩሽኔታዎቹም ተቀይረዋል። የቀረው ሞተሩ ነው።

ባጊ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?" የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። መኪናው የት ነው የሚሄደው? የእኔ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማና በአዋሽ አድርጎ አፋር ይወርዳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ዳሎል ዙሪያ ያለው መሬት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በአንድ ጉዞ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ማለት ነው።

ሞተር ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። በባሕር ወለል የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77 ነው። ሩብ ያህሉ አየር የለም። ታች 100 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ ከ75 ብዙም አያልፍም። ቱርቦ ካልተገጠመ በቀር ለዚህ መላ የለውም። የነዳጁን መጠን ካለው አየር ጋር ማመጣጠን ግን ይቻላል፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ካርቡራተር፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የድሮው መሣሪያ፣ ነዳጅ የሚሰጠው በቀዳዳ ስፋት ነው። ጂግለሩ፣ ማለትም ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ከፍታ ስለመቀየሩ ደንታ የለውም። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራተር አዋሽ ሲወርድ ነዳጅ ያጥረዋል። ሞተሩ ይግላል፣ ጭነት ሲበዛበትም ነዳጁ ያለ ጊዜው እየነደደ ያንኳኳል። ለአዋሽ የተስተካከለው ደግሞ እንጦጦ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል። በዚያ ላይ ባጊ ይዘላል፣ ያዘነብላል። በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚለካው ተንሳፋፊ ያኔ ይዛባል፤ ነዳጁ ወይ ይፈሳል ወይ ይቋረጣል።

ስለዚህ ኢንጀክሽን ነው፤ ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ ተለክቶ ኢንጀክተር በሚባል መርጫ የሚገባበት። ሞተሩ የሚመረጠው ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው።

ግንቦት መጨረሻ

ኢንጀክሽን ሲባል ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የገባውን አየር በምን ያውቃል የሚለው ነው።

አንደኛው መንገድ በአየር መግቢያው ላይ በተቀመጠ የጋለ ቀጭን ሽቦ መለካት ነው። አየሩ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ መጠኑ ይሰላል። ለከተማ መኪና ግሩም ነው። ባጊ ላይ ግን ሽቦው አቧራና ውኃ ፊት ይቀመጣል። የአየር ፊልተሩ ዘይት ከተቀባም ዘይቱ ሽቦው ላይ ይጋገራል። ከሴንሰሩ በኋላ ያለው ጎማ ትንሽ ከተሰነጠቀም ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።

ሁለተኛው አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ፣ በማኒፎልዱ፣ ውስጥ ያለውን ግፊት መለካት ነው። ማፕ ሴንሰር የሚባለው ይህ ነው። ግፊቱና የአየሩ ሙቀት ከታወቁ የአየሩ መጠን በስሌት ይገኛል። ሴንሰሩ አቧራ ውስጥ አይቀመጥም፤ በቀጭን ጎማ ተገናኝቶ ደረቅ ቦታ ላይ ይታሰራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፍታውን አብሮ ያነባል። ዳገት ስንወጣ የማኒፎልዱ ግፊት ራሱ ስለሚወርድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቀንሳል። ለእኛ አገር መልክዓ ምድር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ማፕ ይሁን ብያለሁ።

ሰኔ

የሞተር ምርጫ። ያየኋቸውን ሁሉ ላስቀምጥ።

የቮልሱ የራሱ ሞተር፣ 1600። 1,584 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱ 50 ፈረስ ገደማ። ባጊ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው፤ ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው ባጊና በ1967 የመጀመሪያውን የሜክሲካን 1000 ውድድር ያሸነፈው ባጊ በዚሁ የቮልስ ሞተር ቤተሰብ የሚነዱ ነበሩ። ካምቢዮው ላይ ያለ ምንም ማስተካከያ ይገጠማል። ራዲያተር አይፈልግም። ኢንጀክሽንም እንግዳው አይደለም። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ታይፕ 3 ላይ የቦሽን ዲ-ጀትሮኒክ ገጥሟል፤ ያም የሚሠራው የማኒፎልድ ግፊት እያነበበ ነው። የሜክሲኮው ቮልስም እ.ኤ.አ. በ1993 ኢንጀክሽን ሆኖ ወጥቷል። ግን እነዚያ ዕቃዎች እዚህ የሉም። ማኒፎልዱን ከዜሮ መሥራት አለብኝ። ጤናማ የሞተር ገላ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። አፋር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አሸዋ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ እየቀዘፈ በአየር ብቻ ይቀዘቅዛል ብዬ መተማመንም አልችልም። በጣም ብወደውም ትቼዋለሁ።

የሆንዳ ቢ እና ዲ ሞተሮች። ጠንካሮች ናቸው፤ ግን የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ከቮልስ ካምቢዮ ጋር እንዲሁ ቢገጠሙ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ፊት ይሆናል። የዲፈረንሻሉን ትልቅ ጥርስ ገልብጦ መግጠም ይቻላል። ካምቢዮውን አሁን ዘግቼ ስለጨረስኩ አልከፍተውም።

የናፍጣ ሞተር ለዚህ ሻንሲ ከባድ ነው።

ቶዮታ 1NZ-FE። የቪትዝና የያሪስ ባለ 1,497 ሲሲ። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው፤ በሰንሰለት ይሠራል። አዲስ አበባ ሙሉ ቪትዝ ስለሆነ ዕቃው አይጠፋም። ግን ከፋብሪካው ሲወጣ አየር የሚለካው በዚያ በጋለ ሽቦ ነው። የኋለኞቹ ስሮትላቸው በኬብል ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚከፈት ነው፤ ኮምፒውተሩም ያለ ራሱ ቁልፍ አይነሳም። ይህ ሁሉ መፍትሔ አለው። ሁለተኛ ምርጫዬ እሱ ነው።

ቶዮታ 4A-FE። የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ኮሮላ ሞተር ነው። 1,587 ሲሲ፣ 16 ባልቦላ (የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ መዝጊያ)፤ እንደ ዓመቱና እንደ ገበያው ከ100 እስከ 115 ፈረስ ጉልበት። ብሎኩ የብረት ስለሆነ ከበድ ይላል። ይሁን እንጂ ኢንጀክሽኑ ከፋብሪካው ጀምሮ በማፕ ሴንሰር ነው። ስሮትሉ በኬብል ይሳባል። ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስበት መስመር አለው። ባልቦላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ ቢበጠስ እንኳ ባልቦላና ፒስቶን አይጋጩም፤ አዲስ ቺንጋ አስረህ ጉዞህን ትቀጥላለህ። ከአፍዴራ ጋራዥ እስኪደረስ ያለውን ርቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚዞረውም እንደ ቮልሱ ነው፤ ከፑሌው፣ ማለትም ቺንጋ ከሚታሰርበት ክብ፣ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ።

ሌላም ነገር አስቤያለሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የነዳጅ ሞተር ከአዲስ መኪና ጋር አይመጣም። ዛሬ የምመርጠው ሞተር ነገም ዕቃው እዚሁ የሚገኝ፣ ደሴም ሰመራም ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መሆን አለበት። 4A-FE ያ ሞተር ነው።

ሰኔ መጨረሻ፣ ሱማሌ ተራ

ሞተሩን ለማየት አንድ ጓደኛዬን ይዤ አዲስ አበባ ወዳለው የመኪና ዕቃ ገበያ ሄድኩ። ሻጩ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ በሞተሪኖ እንድናዞረው ፈቀደልን። ካንዴላዎቹን ፈታን፤ ስሮትሉን ሙሉ በሙሉ ከፍተን የግፊት መለኪያውን በየሲሊንደሩ አሰርን።

አራቱም ወደ 10 ባር ተጠጉ። ጓደኛዬ ፊቱ ጠቆረ። "አንተ፣ መጽሐፉ ከ13 በላይ ይላል እኮ። ይሄ ሞተር አልቆለታል።"

አላለቀለትም። የጥገና መጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ፒስቶኑ የሚጨምቀው የገባለትን አየር ነው፤ እዚህ የሚገባው ደግሞ ሩብ ያነሰ ነው። 13.5 ባር በአዲስ አበባ አየር ሲሰላ 10 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ያነበብነው የጤነኛ ሞተር ቁጥር ነው። ከመጠኑ ይልቅ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከአንድ ባር በላይ ቢያንስ ኖሮ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም ባልቦላ ተበላሽቷል ብዬ እተወው ነበር። የእኛ አራቱ ተቀራራቢ ናቸው። ይህን የማያውቅ ገዢ ጥሩ ሞተር ጥሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ያለ ምክንያት ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ያስከፍታል።

ሞተሩን ከነማኒፎልዱ፣ ከነኢንጀክተሩና ከነሽቦው ወሰድኩት። ሽቦው አለመቆረጡ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ሐምሌ፣ ቶርኖ ቤት

ሞተሩንና የቮልስ ካምቢዮውን የሚያገናኝ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ያስፈልጋል። ሥራው የቡሎን ቀዳዳ መብሳት ብቻ ቢሆን ማንም ይሠራው ነበር። ከባዱ መሃሉን ማግኘት ነው። የሞተሩ ኮሎ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና የካምቢዮው ዘንግ በአንድ መስመር ካልሆኑ ፍሪሲዮኑም ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃሉ።

ቶርኖ የሚሠሩልኝ ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሳህኑን ማሽኑ ላይ አስረው ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አስደግፈው በእጃቸው ቀስ ብለው ያዞራሉ። መርፌዋ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ያቆማሉ፣ በመዶሻ እንጨት ነካ ያደርጋሉ፣ እንደገና ያዞራሉ።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቢበቃስ?" አልኳቸው።

"አይበቃም ልጄ። አሁን ያለው አምስት መቶኛ ነው። እኔ ሁለት ሳላደርሰው እጄን አላነሳም።"

አደረሱትም። የሚሊ ሜትር መቶኛ ማለታቸው ነው።

ቮላኖው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ፣ ላይ የባለ 12 ቮልቱን ቮልስ ልክ መረጥኩ፤ 130 ጥርስ፣ 200 ሚሊ ሜትር ፍሪሲዮን። የባለ 6 ቮልቱ 109 ጥርስ ስለሆነ ካለኝ ሞተሪኖ ጋር አይሄድም። የቮልሱ ካምቢዮ ዘንግ ጫፉ ሞተሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ኩሽኔታ ይደገፋል። ሞተሩ በአግድም የሚገጠምበት ኮሮላ ግን ይህን አይፈልግም፤ ኮሎው ጫፍ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ የለም። ስለዚህ ከነሐስ ቡሽ ተሠርቶ ቮላኖው መሃል ገባ። ይህን የዘለለ ሰው ካምቢዮው በቶሎ መጮህ ይጀምርበታል።

በዚያው ፑሌው ላይ የሚታሰር 36 ጥርስ ያለው ቀጭን የብረት ዲስክ አስቆረጥኩ፤ አንዱ ጥርስ ሆን ተብሎ ጎድሏል። እያንዳንዱ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው። ኮምፒውተሩ ጥርሱን እየቆጠረ ክፍተቱ ሲያልፍ ሞተሩ የት እንደደረሰ ያውቃል። በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቻለሁ።

ነሐሴ

ዝናቡ ግቢ አላስወጣ ብሎኛል፤ የነዳጅ መስመሩን ቤት ውስጥ ጨረስኩ።

ኢንጀክሽን ላይ ፓምፑ ለቅጽበት እንኳ አየር መሳብ የለበትም። ባጊ ደግሞ ሲዘል ነዳጁ ታንኩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። መፍትሔው መሃል ላይ ትንሽ ድስት የምታህል ሁለተኛ ታንክ ማስገባት ነው፤ አንድ ሊትር ተኩል ትይዛለች። ደካማው ፓምፕ ከዋናው ታንክ እየሳበ እሷን ሁልጊዜ ሙሉ ያደርጋታል። ኃይለኛው ፓምፕ ከእሷ ሥር ስቦ በ3 ባር ገደማ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልካል። ትርፉ ወደ እሷ ይመለሳል፤ ከእሷ የተረፈው ወደ ዋናው ታንክ። ነዳጁ ሳያቋርጥ ስለሚዞር በበረሃ ሙቀት መስመሩ ውስጥ ወደ እንፋሎት የመቀየር ዕድሉ ይቀንሳል።

የነዳጅ መስመሩ ጎማ ለኢንጀክሽን የተሠራ መሆን አለበት። የካርቡራተር ጎማ ይህን ግፊት አይችልም፤ ቢፈነዳ ደግሞ የሚረጨው የጋለ ማርሚታ ላይ ነው። ገንዘብ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። ፓምፑን ኮምፒውተሩ ራሱ ያዝዘዋል፤ ሞተር ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። መኪናው ቢገለበጥ መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያም ጨምሬያለሁ።

የኢንጀክተሩን መጠን ያሰላሁት ለአዲስ አበባ አይደለም፣ ለአፋር ነው። ታች 105 ፈረስ ጉልበት ቢሰጥና አንዱ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 230 ግራም ቤንዚን ቢፈልግ በሰዓት 24 ኪሎ ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ለአንዱ 6 ኪሎ፣ ማለትም በደቂቃ 136 ሲሲ ገደማ። ኢንጀክተር ሙሉ ጊዜውን ክፍት ሆኖ መሥራት ስለሌለበት በ80 በመቶ ሲካፈል 170 ሲሲ ይወጣል። ኢንጀክተሮቹን አሳጥቤ በብርጭቆ ቱቦ ስለካቸው አራቱም እኩል አፈሰሱ።

መስከረም

ኮምፒውተሩ። የቶዮታው የራሱ ኮምፒውተር (ኢሲዩ) በእጄ አለ፤ ይሠራልም። ማርሚታውም የአየር መግቢያውም ከኮሮላው ስለተለየ ግን ውስጡን ማየትና ማስተካከል እፈልጋለሁ። የፋብሪካው ደግሞ አያስነካም። ስለዚህ ስፒዱዊኖ መረጥኩ። አርዱዊኖ ሜጋ ላይ የሚሠራ፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኮምፒውተር ነው። ቢበላሽ ቦርዱን ቀይሬ ካርታውን፣ ማለትም የነዳጁን መጠን ሠንጠረዥ፣ ከላፕቶፕ እጭንበታለሁ። መለዋወጫ ቦርድ መቀመጫ ሥር ይዞ መጓዝ ይቻላል።

ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አውጥቼ ቀዳዳውን ዘጋሁት። በዚህ አገጣጠም ከካምቢዮው በላይ ተደብቆ እጅ አያስገባም ነበር። በምትኩ ብልጭታ የሚሰጥ ባለ ሁለት ጥንድ ቦቢና ነው፤ አንዱ ለ1ኛና ለ4ኛ ሲሊንደር፣ ሌላው ለ2ኛና ለ3ኛ።

የጨመርኩት ሌላ ነገር የውጭውን አየር ግፊት ብቻ የሚያነብ ሁለተኛ ሴንሰር ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ የውጭውን ግፊት የሚያነበው ቁልፍ ሲከፈት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 1,400 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ ሞተር ሳይጠፋ። ያኔ ኮምፒውተሩ ታች ሆኖ የደጋውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው ሴንሰር ለዚያ ነው።

የውኃው ነገርም አለ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ከያዘ ወደ 114 ከፍ ይላል። ክዳኑ ካልያዘ ጤነኛ ሞተርም ይፈላል። አዲስ ክዳን ገዝቻለሁ።

መስከረም መጨረሻ

ተነሳ። መጀመሪያ ያለ ነዳጅ አዙሬ የዘይት ግፊቱን አየሁ፤ የመለኮሻ ሰዓቱን በታይሚንግ መብራት ከፑሌው ምልክት ጋር አስታረቅኩ። ከዚያ ፓምፑ ተገናኝቶ ቁልፍ ሲዞር ያለ ማንገራገር ያዘ። ድምፁ ንጹሕ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል።

ማርሚታው ላይ ያለው ሰፊ ንባብ የሚሰጥ ኦክስጅን ሴንሰር፣ ቦሽ 4.9፣ የአየርና የነዳጁን ምጣኔ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ያሳያል። ቆሞ ሲሠራ 14.7 አየር ለአንድ ነዳጅ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሙሉ ጋዝ ሲረገጥ ወደ 12.8።

የነዳጁ ካርታ ሠንጠረዥ ነው። አግድሙ የሞተር ዙር፣ ቁመቱ የማኒፎልድ ግፊት፣ ከ20 እስከ 100 ኪሎ ፓስካል። ሲነዳ እያንዳንዱ ሳጥን ይሞከራል፣ ይታረማል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስነዳ አብዛኛው ተሞላ። ከ76 በላይ ያሉት ረድፎች ግን ባዶ ናቸው። ባዶም ይቀራሉ። ጋዙ እስከ መጨረሻ ቢረገጥ እንኳ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ግፊት የላትም። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣባቸው ረድፎች እዚህ ሊሞከሩ አይችሉም።

ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ደጋ ላይ ግሩም የሚሄድ ባጊ ቁልቁል ወርዶ ሰመራ ላይ ጋዝ ሲረገጥ ሞተሩ ያልተሞከረ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ነዳጁ ቢያንስ፣ ብልጭታውም ቢቀድም ፒስቶን ይበሳል። ስለዚህ ባዶዎቹን ረድፎች በጥንቃቄ ሞልቻለሁ። የነዳጁን ቁጥር ከመጨረሻው የተሞከረ ረድፍ ቀጥዬ ጥቂት ጨመርኩበት። ብልጭታውን ደግሞ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ወደ ኋላ ጎተትኩት። ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ጥቅምት መጀመሪያ

ካርታውን ቁልቁል እየወረድኩ ልሞላው ወስኛለሁ። አዳማ 83 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። አዋሽ 90 ገደማ። ሰመራ 96። በየደረጃው ከመንገድ ወጣ ያለ ሜዳ ፈልጎ በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር እስከ ላይ ሙሉ ጋዝ መርገጥ፣ መመዝገብ፣ ረድፉን ማረም፣ እንደገና መርገጥ። ማንኳኳት በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማ ነው የሚሆነው። ብሎኩ ላይ የሚታሰር ማይክሮፎን አዘጋጅቻለሁ። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይይዛል፤ እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳም።

ከመነሳታችን በፊት የቀሩት፦ የአየር ፊልተሩን ከመቀመጫው ጀርባ ከፍ አድርጎ ማሰር፣ የራዲያተሩ ፋን የሚነሳበትን ሙቀት መሞከር፣ መለዋወጫ ቺንጋ፣ ፊውል ፓምፕና የጥርስ ሴንሰር መያዝ። የአዳማው ረድፍ ካልጠራ አዋሽ አንወርድም፤ የአዋሹ ካልጠራም ሰመራ አንሄድም። የየደረጃውን ቁጥር እዚሁ ከታች እጨምራለሁ።